የድሮ የፈረንሳይ የትምህርት ፊልሞችን ለምትሰበስቡ አባላት

ውድ አባላት፣

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ የመማሪያ ክፍሎች በስፋት ያገለገሉትን ባለ 35 ሚሊ ሜትር የማይንቀሳቀሱ ምስሎች ጥቅሎች ስትገዙ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የያንዳንዱን ጥቅል ክዳን ከፍታችሁ እንድታሸቱ አደራ እንላለን። አሴቴት ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት አሴቲክ አሲድ እያመነጨ የኮምጣጤ ሽታ ይሰጣል፤ ጉዳቱን ማዘግየት እንጂ መመለስ ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለውን ጥቅል ከሌሎቹ ለይቶ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። ምስሉ ወደ ቀይ ማድላቱ ግን ሌሎቹ ቀለማት መደብዘዛቸውን የሚያሳይ በመሆኑ፣ ለዓይን ባያምርም ፊልሙን ለመተው በቂ ምክንያት አይመስለንም።

ከፊልሙ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው፣ መምህሩ በአንዱ ምስል ላይ የፈለገውን ያህል ቆሞ ሲያስረዳ ይመለከተው የነበረው ቀጭን መምሪያ ነው። አብዛኞቹ ጥቅሎች ድምፅ አልባ ስለሆኑ፣ ስለ አንድ ወንዝ ወይም ስለ ስንዴ እርሻ የተሰናዳ ትምህርት ያለ መምሪያው ግማሽ አካሉን ያጣል። በኅዳጉ ላይ መምህራን በእርሳስ የጻፉትን ማስታወሻ፣ እንደ ቆሻሻ ቆጥራችሁ እባካችሁ አታጥፉት።

የቆዩ ማሳያ መሣሪያዎች አምፖል በጣም ስለሚግል፣ ምስሎቹን በቅድሚያ በስካነር ቀድታችሁ ለስብሰባ ቅጂውን ብቻ እንድታመጡ እንጠይቃለን። ርዕስና አሳታሚ ለማመሳከር የምትሹ፣ በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ያለው ብሔራዊ የትምህርት ሙዚየም እንዲህ ያሉ ጥቅሎችን በስብስቡ ይዟል።