ማሽኑን ከነታሪኩ ሽጡልን

ለእርሻና ለግንባታ ማሽነሪዎች ጉዳይ ኃላፊነት ላለበት መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ ያገለገሉ ማሽኖች ሲሸጡ የሥራ መዝገባቸው አብሮ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰፊ የገጠር መሬት የማስተዳድር ሰው ነኝ። መሬት ሲሰፋ ሥራው በእጅ አያልቅም። የውስጥ መንገዱ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይቦረቦራል። ቦዩ በደለል ይሞላል። ቁጥቋጦው ዛሬ ቆርጠውት ሲዞሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አጥር አለ፣ ኩሬ አለ፣ መንገድ የዘጋ የወደቀ ዛፍ አለ። ትራክተርና ሎደር ግድ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ኤክስካቫተር።

አዲስ ለምን አልገዛም? ሒሳቡ አይፈቅድማ። እንደ እኔ ያለ ሰው አንድ ትራክተር በዓመት ቢበዛ ሁለት መቶ ሰዓት ቢያሠራ ነው። ቀሪውን ጊዜ መጠለያ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። አዲስ ማሽን ደግሞ ዋጋው በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያን ኪሳራ ሌላ ሰው ከተሸከመው በኋላ ብገዛ ይሻለኛል። በደንብ የተያዘ የትራክተር ናፍጣ ሞተር ከ8,000 ሰዓት በላይ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ 3,000 ሰዓት የሠራ ትራክተር ገና ጎልማሳ ነው። ግን 3,000 ሰዓት ብቻ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ደብዳቤዬ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ትራክተሬን የገዛሁት የሥራ ሰዓት ቆጣሪውን አምኜ ነው። 2,300 ይላል። ቀለሙ ያብረቀርቃል። የፔዳሎቹ ላስቲክ አዲስ ነው። «ሰውየው ዕቃ መያዝ ያውቃል» አልኩ በልቤ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ነው የተመነጠርኩት። ሞተሩን አስነሥቼ አዳምጫለሁ፣ ዘይቱን አይቻለሁ፣ ማርሹን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ጥቂት ወራት እንደሠራሁበት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሲነካካ የፔዳሉ ላስቲክ እጁ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ብረት ተበልቶ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። «ይሄ ፔዳል የተረገጠው ሁለት ሺህ ሰዓት አይደለም» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቆጣሪን ግን ሁልጊዜ በውሸት መክሰስ አይገባም። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው የሚሄደው በሞተሩ ዙር ነው። ሞተሩ በሙሉ የሥራ ዙሩ ሲሽከረከር የቆጣሪው አንድ ሰዓት እውነተኛ አንድ ሰዓት ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛው ዙር፣ ቆሞ ሲውል ግን ቆጣሪው ወደኋላ ይቀራል። ደግሞ ቆጣሪ ይበላሻል፣ ይቀየራል፣ አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ያኔ ማንም ሳያጭበረብር ማሽኑ ወጣት ሆኖ ያድራል። መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ከሌለ ሐቀኛ ሻጭ እንኳ እውነቱን ማሳየት አይችልም።

አሜሪካ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደኋላ መመለስን በፌዴራል ሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያ ሕግ የመኪና ነው። ማሳ ውስጥ የሚውል ማሽን ግን በብዙ ቦታ ይህን መሰል ጥበቃ የለውም። እስቲ አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብናሰላ 2,000 ሰዓት ማለት 120,000 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ላይ ይህን ያህል ቢደበቅ አገር ይያዝልኝ ይባል ነበር።

«ገዢው ዓይኑን ይክፈት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ከዚያች ትራክተር በኋላ እኔም ዓይኔን ከፍቻለሁ። አሁን ማሽን ለማየት ስሄድ መጀመሪያ ሞተሩን በእጄ እነካለሁ። ከሞቀ፣ ከእኔ በፊት አስነሥተውታል ማለት ነው። የማይነሣ ሞተር ደግሞ ችግሩን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። የጭሱን ቀለም አያለሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ተሰናብቶ መሄድ ነው። ሎደር ከሆነ አካፋውን ከመሬት ትንሽ አስነሥቼ ሞተሩን አጠፋለሁና እጠብቃለሁ። ቶሎ ቶሎ ከወረደ ሃይድሮሊኩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ከዚያ አካፋውን ግራና ቀኝ አወዛውዛለሁ። የመገጣጠሚያው ፒንና ቡሽ ካለቀ ይንገጫገጫል። አዲስ ቀለም በየትኛው ቦታ ላይ እንደተቀባ አያለሁ፤ ብየዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። በሰንሰለት የሚሄድ ማሽን ከሆነ ከላይ ያለውን ትቼ እግሩን ነው የማየው። የሰንሰለቱ፣ የሮለሮቹና የጥርሶቹ ወጪ ከጠቅላላው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን የዛሬን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ላቦራቶሪ ብልክ፣ ብረቱ ከበዛ የሚፋቅ ነገር አለ፣ ሲሊከኑ ከበዛ አቧራ እየገባ ነው ይሉኛል። ጥሩ ነው። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ ከሆነ ግን ንጹሕ ነው የሚወጣው። አንዷ ናሙና አንድ ፎቶ ናት። ለዓመታት በየጊዜው የተወሰደው ሲደረደር ነው ነገሩ የሚገባው።

ያ የተደረደረ መዝገብ ማን ጋ አለ? ብዙ ጊዜ እናንተው ጋ።

መንግሥታዊ ተቋማት ግሬደር፣ ሎደርና ትራክተር በጨረታ ያስወግዳሉ። ማስታወቂያው «ባለበት ሁኔታ» ይላል። አንዱ ላይ ተጫርቼ አውቃለሁ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ማሽኑ ባትሪ የለውም። ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው። ዞሮ ማየት ይቻላል፣ ማስነሣት አይቻልም። «ዘይቱ መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥበቃው በትሕትና «እኔ በር ነው የምጠብቀው ጌታዬ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን ያ ማሽን ለዓመታት ሾፌር ነበረው። የነዳጅ ቅጽ ሲሞላለት ኖሯል። ጋራዥ ሲገባ የሥራ ትእዛዝ ተጽፎለታል። መለዋወጫ ሲወጣለት ከመጋዘን በፊርማ ነው የወጣው። ይህ ሁሉ ወረቀት አንድ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል፤ ማሽኑ ደግሞ ሌላ ግቢ ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። ሁለቱን አገናኟቸው ነው የምለው። የማትጠቀሙ ደግሞ አትሆኑም። ምንም የማያውቅ ተጫራች ክፉ ክፉውን አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጠው። በደንብ የያዛችሁት ማሽን ከተበላሸው ጋር በአንድ ዋጋ ይሄዳል።

ከመንግሥት ውጭ ላለው ገበያም የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። የማሽኑና የሞተሩ ቁጥር፣ በተሸጠ ቁጥር ቆጣሪው ላይ የታየው ሰዓት፣ ቆጣሪው ተቀይሮ ከሆነ መቼ፣ የተደረገለት ትልቅ ጥገና። መኪና ያለ ሊብሬ አይሸጥም። ስንት መኪና የሚያወጣ ኤክስካቫተር ግን ለቡና ጠጪ የሚሰጠውን በምታክል ቁራጭ ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ቁጥሩ ከተመዘገበ ደግሞ የተሰረቀ ማሽን ሳላውቅ እንዳልገዛ ይረዳኛል።

ሕግ አውጪ ከገዢ ብሶት ተነሥቶ ሲሠራ የታየበት ጊዜ አለ። በአሜሪካዋ ግዛት ነብራስካ ውስጥ ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል ገበሬ ነበር። ፎርድ የሚል ስም የተለጠፈበት ትራክተር ገዛ፤ ከሄንሪ ፎርድ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። ትራክተሩ አሳረረው። ሰውየው በኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆነና እ.ኤ.አ. በ1919 ሕግ አስወጣ። አምራቹ ትራክተሩን እዚያ ለመሸጥ ሞዴሉን በዩኒቨርሲቲው ማስፈተን ነበረበት፤ መለዋወጫም እዚያው ግዛቷ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረበት። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1920 ተጀመረ። ክሮዚየር የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ ሻጭ የሚናገረው ይረጋገጥ። ያ ሕግ የአዲስ ትራክተር ነበር። መቶ ዓመት አልፎ እኔ ለአሮጌው እየጠየቅኩ ነው።

በአንድ ነገር ላይ ግን ከወረቀት አልፋችሁ ጨከን በሉ። ትራክተር ሲገለበጥ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድነው የብረት ቅስት አለ፤ ከወንበር ቀበቶው ጋር ነው የሚሠራው። ስዊድን አዲስ ትራክተር ሁሉ እንዲህ ዓይነት መከላከያ እንዲኖረው ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥርም ከዚያ በኋላ በእጅጉ ቀነሰ። ትራክተር ወደኋላ ሲገለበጥ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ዘልዬ አመልጣለሁ የሚል ካለ አይሞክረው። በአሮጌው ገበያ ቅስቱ የተቆረጠ፣ የተበሳ፣ ወይም ከቧንቧ ተበይዶ የተሠራ አይቻለሁ። የተበየደው ይብሳል፣ ምክንያቱም ጥበቃ ይመስላል። ከትራክተሩ ኋላ ኃይል የሚያወጣው ዘንግም እንዲሁ ነው። በተለመደው የደቂቃ 540 ዙር በሰከንድ 9 ጊዜ ይሽከረከራል። ሽፋኑ የወለቀ ከሆነ ሰውን ጎትቶ ለመጠቅለል የልብስ ጫፍ ይበቃዋል። እነዚህ ሁለቱ ሳይሟሉ ማሽን ለሥራ እንዳይሸጥ ከልክሉ። እዚህ ላይ «ባለበት ሁኔታ» አይሠራም።

አዳዲሶቹ ማሽኖችም ነገ አሮጌ ይሆናሉ። ውስጣቸው ኮምፒውተር ነው። ብልሽቱን የሚያነበው ሶፍትዌር ወኪሉ እጅ ብቻ ካለ ሁለተኛው ባለቤት ምን ይሁን? የአሜሪካዋ ግዛት ኮሎራዶ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች መመሪያውን፣ መለዋወጫውንና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩን ለባለቤቶችና ለግል ጋራዦች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ይህንንም አስቡበት።

ስጋቴንም ልናገር። ደብዳቤዬ አዲስ መስኮት፣ አዲስ ማኅተምና አዲስ ሰልፍ እንዲወልድ አልፈልግም። «ብቁ ነው» የሚል ምስክር ወረቀት አትስጡኝ። ማኅተም ባለበት ማኅተም የሚሸጥ አይጠፋም፤ ገዢውም ማኅተሙን አይቶ ማሽኑን ማየት ይተዋል። የሆነው ነገር ብቻ ይጻፍ። ብቁ መሆን አለመሆኑን እኔና መካኒኬ እንወስናለን።

ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልጋችሁም። የሚቀጥለው ጨረታችሁ ሲወጣ የጋራዥ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ማሽኑ ላይ አንጠልጥሉት። አንድ የሚሠራ ባትሪ አዘጋጁ። ቁልፉንም ለጥበቃው ተዉለት።

ከአክብሮት ጋር

አንድ ባለ መሬት

ግልባጭ፦
ትራክተሩን ለሸጠልኝ ሰው። ፍሪሲዮኑን ቀይሬዋለሁ። የፔዳሉ ላስቲክ አሁንም አዲስ ነው።