ለእማዬ፣ ስለ ጉልበትሽና ስለ መርፌው

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮም አንደኛ ወጣች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ቁርጥ አባዬን ነው። «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዝናቡ ጋብ ሲል ብዬዋለሁ።

በስልክ ጉልበትሽን ካነሳሁ «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ወንድሜ ስለ ስቴም ሴል መርፌው፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ይችላል ስለሚባለው ሴል፣ ነግሮኛል። ውጭ አገር ሄደሽ ለመወጋት የኋላውን ሰርቪስ ልትሸጪ እንዳሰብሽም ነግሮኛል። እማዬ በሞቴ፣ እንዳትሸጪው! የሚያኖርሽ እኮ የሱ ኪራይ ነው።

ፋርማሲ ስለምውል ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ተስፋ የለውም አልልሽም። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም። አንዴ ካለቀ በቀላሉ የማይተካው ለዚህ ነው። አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ፣ አንድ ጂን ጉዳት በማያደርስ ቫይረስ ላይ ጭነው ጉልበት ውስጥ አስገብተዋል። የጉልበቱ ሴሎች ራሳቸው ብግነት የሚያበርድ ፕሮቲን እንዲሠሩ ነው። ፕሮቲኑ እስከ ዓመት ድረስ ሲመረት ታይቷል። ሳነበው አንቺ ነሽ በዓይኔ ላይ የመጣሽው። ግን የተሞከረው በ9 ሰው ላይ ነው። ገና ጅምር ነው።

ወደ ውጭ ሊልክሽ ያለው ደላላ ለወንድሜ የሚነግረው መርፌ ግን ሌላ ነው፤ የስቴም ሴሉ ነው። እሱም ተፈትሿል። እዚያው አሜሪካ ከ400 በላይ የጉልበት ሕመምተኞችን በቡድን ከፍለው አንዱን ከራሱ መቅኔ፣ አንዱን ከራሱ ስብ፣ አንዱን ከእትብት በተወሰደ ሴል ወጉ። የቀሩትን ብግነት በሚያበርደው፣ በተለመደው የኮርቲዞን መርፌ። ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዓመት በኋላ አንዱም ከኮርቲዞኑ አልበለጠም። ኮርቲዞን ደግሞ ቤት አያሸጥም።

ደቡብ ኮሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. ኢንቮሳ ለሚባል የጉልበት የጂን መድኃኒት ፈቃድ ሰጥታ ነበር። ጂኑን የተሸከመው የካርቲሌጅ ሴል ነው ተብሎ ስንት ሰው ተወጋ። ኋላ ሲጣራ ሴሉ ከኩላሊት የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ በ2019 ፈቃዱ ተሰረዘ። ተቆጣጣሪ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የደላላውን መርፌ ማን ይመረምርልናል?

እኔን ያንገበገበኝ ግን መርፌው ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት ወድቀሽ ጎረቤት እንዳነሳሽ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። አባዬ ሲታመምም እንዲሁ አደረጋችሁኝ። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ጅማ ስደርስ ድንኳኑ ተነስቶ፣ ካስማ የተተከለባቸው ጉድጓዶች ደጃፉ ላይ የዝናብ ውሃ አቁረው ነበር። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አይጠፋኝም። ፈተናውን አለፍኩ። ያንን ውጤት ግን እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ አይቼው አላውቅም።

ዲክሎፌናኩን፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ በየቀኑ ትውጪያለሽ አሉ። አንቺ ግፊት አለብሽ! ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል። ሐኪም እስኪያይሽ ተይው፤ የሚቀባውን ልኬልሻለሁ። ከዘራውን በማያምሽ ጉልበት በኩል ባለው እጅሽ ያዢው። በርጩማውን ትተሽ ወንበር ላይ ሆነሽ ቡና አፍዪ፣ ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ተቆጪ። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ከሂርማታ ገበያ ስትመለሺም ዘንቢል ተሸክመሽ በእግርሽ አትምጪ። ባጃጅ ያዢ።

አሁን የሚከብደኝን ልበለው። ጉልበት የሚቀየርበት ቀዶ ጥገና አለ። እስካሁን ስሙን ያልጠራሁት አባዬ ወደ ቀዶ ጥገና ገብቶ ስላልወጣ ነው። አንቺም የምትሸሺው እሱን ይመስለኛል፤ መርፌውን የወደድሽውም ለዚሁ ነው። እኔም እፈራለሁ እማዬ። ዛሬውኑ ግቢ አላልኩም። ምናልባት እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ይበቃሽ ይሆናል። ኤክስሬይ ተነሺና የአጥንት ሐኪም ይይሽ።

ቀጠሮ አሲዢና ቀኑን ንገሪኝ፤ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ውጤቱን ከሐኪሙ አፍ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ነው መስማት የምፈልገው።

ልጅሽ