ወንድማችንን ላመናችሁትና ለደገፋችሁን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ልዑል እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ አፍጋኒስታን የዘመተው ታናሽ ወንድሜ፣ የተሳፈረበት መኪና መንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂ ቢመታም አጥንቱ ሳይሰበር ተመለሰልን። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብለን ደገስን። ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀውም። መብራት ያውከዋል፤ ሱፐርማርኬት ሲገባ ያዞረዋል፤ ዳዊት ሲደግም መስመሩ እየጠፋበት በጣቱ ይፈልገዋል። ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው ተባለ። ሲቲ የሚያሳየው ደም መፍሰስንና ስብራትን ስለሆነ፣ ቀላል የሚባለው የአንጎል ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይታይበትም። ይህን የነገረን ግን አልነበረም፤ ጭንቀት ነው፣ ያልፋል እያሉ ሸኙት።

ነገሩን ከሥሩ ያዳመጠችው የነርቭ ሐኪም ዕድሜዋ ይርዘምልን። ዓይኑን እንየው ያለችው እሷ ናት። አገጩን ማስደገፊያው ላይ አድርጎ ስክሪን ላይ ክብ እየሠራች የምትዞር ነጥብ በዓይኑ ተከተለ፤ ካሜራው በኢንፍራሬድ ብርሃን የዓይኑን እንቅስቃሴ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይመዘግባል። ውጤቱን ሲያሳዩን ክብ መሆን የነበረበት መስመር ተሰባብሯል። ዓይኑ ከነጥቧ ወደ ኋላ ይቀርና ዘሎ ይደርስባታል። ዓይንን ለማዘዝ ከግንባር በኩል ካለው የአንጎል ክፍል እስከ አንጎል ግንድ ድረስ ብዙ ቦታ መናበብ አለበት፤ ፍንዳታው ያወከው ይህንኑ ነው አለችን። ድካምና መድኃኒትም ውጤቱን ስለሚያዛቡ በዚያ ብቻ አልወሰነችም፤ የሚዛንና የማስታወስ ምርመራ ጨመረችበት። እናታችን ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልጄ እኮ እውነቱን ነበር» ብላ አለቀሰች።

በዚህ መስክ የደከሙ ተመራማሪዎችንም አመሰግናለሁ። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሠሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዶ/ር ኡዝማ ሰማዳኒ የጀመሩት የዓይን እንቅስቃሴ መመርመሪያ መሣሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ አግኝቷል፤ ያ ገና በቅርቡ ለደረሰ የጭንቅላት ጉዳት የሚውል ነው፣ ለወንድሜ የተደረገው ሌላ ነው።

በክር የተሰኩ ዶቃዎችን እያስቆጠርሽ ዓይኖቹን ያለማመድሽው ባለሙያ፣ በየቀጠሮው መኪናህን ይዘህ የመጣኸው የጦር ጓደኛው፣ ምግብ እየያዛችሁ በራችንን ያንኳኳችሁ የማኅበራችን እናቶች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ከዘመቻ የተመለሰ ልጅ ያላችሁ ወገኖች፣ ሲቲው ንጹህ ነው ከተባላችሁ በኋላም የዓይን እንቅስቃሴ ምርመራ ይደረግለት ብላችሁ ጠይቁ።

እህቱና መላው ቤተሰቡ