ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?

እህትዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ስልክሽን አላነሳሁም፣ መልእክትሽንም አልመለስኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንገናኝ እስኪወጣልሽ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ግን ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ወልጃለሁ። ሴት ናት። ወሬው ሳይደርስሽ አይቀርም፣ ከኔ አፍ ባለመስማትሽም ሳትቀየሚ አትቀሪም። በምጥ ነው የተገላገልኩት፣ በሰላም። አሁን አንገቷን እያጸናች ነው፣ ሰው ለይታ ትስቃለች። ስታኮርፍ ደግሞ ቁርጥ አንቺን ናት፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

የምጽፍልሽ ግን ስለሷ አይደለም። ስለሷ የሚጠይቀኝ ሞልቷል። ጠባች ወይ፣ ተኛች ወይ፣ ስንት ኪሎ ገባች ይሉኛል። የምጽፍልሽ ስለ ራሴ ነው። ስለ ሰውነቴ። እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ግን...

ቆይ፣ ልበለው በቃ። ሽንት ያመልጠኛል።

ሳስነጥስ ያመልጠኛል። ስስቅ ያመልጠኛል። ልጅቷን ጎንበስ ብዬ ከአልጋዋ ሳነሳት ያመልጠኛል። ብዙ አይደለም፣ ጠብ የምትል ነገር ናት። ግን ሞዴስ ሳላደርግ ከቤት መውጣት እፈራለሁ። ለባለቤቴ ለመንገር ራሱ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ለእናቴማ እስካሁን አልነገርኳትም። ይሄን ከጻፍኩ በኋላም ወረቀቱን ልቅደደው ብዬ ነበር።

ያልቀደድኩት አንድ ነገር ትዝ ስላለኝ ነው። የመጀመሪያ ልጅሽን የወለድሽ ሰሞን ተሰብስበን ስንስቅ፣ በሳቁ መሀል ድንገት እግርሽን አጣምረሽ ቆምሽ። ከዛ ሹልክ ብለሽ ወጣሽ። ስትመለሺ ቀሚስ ቀይረሻል። «ልጁ አስመለሰብኝ» አልሽን። ልጁ ግን እኔ እቅፍ ውስጥ ተኝቶ ነበር! ያኔ ነገሬም አላልኩት። አሁን ሳስበው ሆዴ ባባ። እህቴ፣ ይሄው ነበር እንዴ?

ከሆነ ተቀይሜሻለሁ። የመጀመሪያ ፍቅረኛሽ ምን ብሎ እንደጻፈልሽ ሳልጠይቅሽ ያነበብሽልኝ ሴትዮ፣ ይሄን ትደብቂኛለሽ? ምጡን ደቂቃ በደቂቃ ተርከሽልኛል። ከምጡ በኋላ ያለውን ግን አንድም ቀን አላነሳሽልኝም። እኔም ምጡ ካለፈ ሁሉም የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ለምሳሌ ስፌቱ። ልጅቷ ስትወጣ ተቀድጄ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ነው አሉኝ፣ ቆዳውን አልፎ ጡንቻው ድረስ ማለት ነው። አራት ደረጃ እንዳለው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ እንደሚዘልቁ የሰማሁት ተሰፍቼ ካለቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ ከሚወልዱት አብዛኞቹ ትንሽም ቢሆን ይቀደዳሉ። አብዛኞቹ! ታዲያ እንደ ሚስጥር የሚያዘው ለምንድነው?

መቀመጥ አልቻልኩም። በአንድ ጎኔ ዘንበል ብዬ ነበር የማጠባት። ከሁሉ የባሰው ግን ሽንት ቤት ነው። ሽንቱ ስፌቱን ሲነካው ያቃጥላል፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሸናው። ያዳነችኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። «ለብ ያለ ውሃ በጆግ ይዘሽ ግቢና እየሸናሽ አፍስሺበት» አለችኝ። በቃ፣ ይቺው ናት። ውሃው ሽንቱን ያቀጥነዋል፣ ማቃጠሉ ቀለለኝ። ሌላም ነገረችኝ። ስትጠራረጊ ከፊት ወደ ኋላ። ሞዴሱን ቶሎ ቶሎ መቀየር። መጀመሪያ አካባቢ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ ቆየት ሲል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ። ክሩ ደግሞ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ማንም አያወጣውም። እኔ እኮ የሚያወጡልኝን ቀን እየፈራሁ ስንት ሌሊት አልተኛሁም!

ሌላው፣ እንዴት ልበልሽ፣ የሆድ ድርቀቱ ነው። ባምጥ ስፌቱ ይበጠሳል ብዬ ፈርቼ ያዝኩት። በያዝኩት ቁጥር ደግሞ እየባሰበት ሄደ። መላ ያለችኝ አሁንም ያቺው ነርስ ናት። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ፣ እግርሽን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አድርጊ፣ ንጹሕ ሞዴስ አጥፈሽ ስፌቱን ደገፍ አድርጊው አለችኝ። በዚያ አይበጠስም ብላ አረጋገጠችልኝ። አልተበጠሰም። ያን ቀን ከሽንት ቤት ወጥቼ ባለቤቴን አቅፌ አለቀስኩ። እሱ ግራ ገብቶት «ልጅቷ ምን ሆነች?» ይለኛል። ሁሉም ሰው ልጅቷ ምን ሆነች ነው የሚለው።

ደሙም እንዲሁ። ከተኛሁበት ስነሳ ግልብጥ ብሎ ሲወርድ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ተኝተሽ የተጠራቀመው ስትቆሚ ነው የሚወርደው አሉኝ። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ከዚያ ነጣ ብሎ ይቆማል። እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ልጅቷ ጡት ስትይዝ ደግሞ ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገኝ ነበር። ማህፀኔ ነው፣ ወደ ቦታው ሲመለስ። በወለድሽ ዕለት አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ መቶ ግራም ገደማ ይወርዳል። ይሄን ስሰማ ሰውነቴን አከበርኩት፣ እውነቴን ነው። ማንም ሳያየው፣ ማንም በርቺ ሳይለው ይሄን ሁሉ ይሠራል። ቁርጠቱ በሁለተኛ ልጅ ይብሳል ይላሉ። አንቺ ሁለት ወልደሻል፣ እውነት ነው?

ፀጉሬም እየረገፈ ነው። እሱ እንኳን ተመልሶ ይበቅላል፣ አልተጨነቅኩበትም። ሆዴም ገና ነው። እነሱ ይለፉ።

ያላለፈው ሽንቱ ነው።

አንዷን ዘመዴን እንደምንም ደፍሬ ነካ አድርጌ ጠየቅኳት። «ወልደሽ እኮ ነው፣ የወለደ ሁሉ ያለበት ነው» አለችኝና ወሬ ቀየረች። ይሄ መልስ በጣም ያናድደኛል። ብዙ ሴት ላይ መድረሱ እውነት ነው፤ ከወለዱት ከሦስቷ አንዷ ገደማ ያጋጥማታል። ግን ብዙ ሰው ያለበት ነው ማለትና ተሸክመሽው ኑሪ ማለት ለየቅል ናቸው። ጥርሱን የታመመ ሰው «የሰው ልጅ ሁሉ ያለበት ነው» ተብሎ ይሸኛል? አይሸኝም።

በስድስተኛው ሳምንት ልጅቷን ይዤ ሄጄ ነበር። መዘኗት፣ ለኳት፣ ዓይኗን አዩ፣ ዳሌዋን አገላብጠው አዩ። እኔን «ምን ዓይነት የእርግዝና መከላከያ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሸኙኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ እናትም ልጅም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቢያንስ አራት ጊዜ መታየት አለባቸው ይላል። በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መሀል፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት። እናትም ይላል እኮ! ስለ ሽንቷ፣ ስለ ስፌቷ፣ ስለ ሕመሟ፣ ስለ ስሜቷ ትጠየቅ ነው የሚለው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እዚያው እነግራቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ ራሴ ፊዚዮቴራፒስት፣ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ማለት ነው፣ ፈልጌ ሄድኩ። ሴት ናት፣ ተመስገን። ከታች ከበድ ከበድ ስለሚለኝ ማህፀኔ የወረደ መስሎኝ ነበር። መርምራ አልወረደም አለችኝ። ከዛ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከታች የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ደግፎ የያዘ ጡንቻ አለ። በእርግዝናው ክብደትና በምጡ ተለጥጦ ይደክማል። እንደ ሌላው ጡንቻ ሁሉ ደግሞ ከሠራ ይጠነክራል። እንቅስቃሴው ኬግል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለሱ በጻፈው አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ስም ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ ምናልባት አንቺም ያስፈልግሽ ይሆናል። ሽንትሽንና ፈስሽን በአንድ ጊዜ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስቢዋለሽ። እየቆጠርሽ ትይዢዋለሽ፤ ስትጠነክሪ እስከ አሥር ድረስ። ከዛ ሙሉ በሙሉ ትለቂዋለሽ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ መያዝ የለም። ቂጥና ጭን ማጠንከር የለም። ወደ ታች ማማጥማ ፈጽሞ የለም። እየሸኑ መሀል ላይ እያቋረጡ መለማመድም ጥሩ አይደለም፣ ፊኛው በደንብ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። ቢያንስ ሦስት ወር ሳላቋርጥ እንድሠራው ነው ያዘዘችኝ። ሳጠባ እሠራዋለሁ። እንግዳ ፊት ቁጭ ብዬም እሠራዋለሁ፣ ፊቴ ላይ ምንም አይታይም። ማስነጠስ ሲመጣብሽ ደግሞ ቀድመሽ ጭምቅ አድርገሽ ትይዢዋለሽ። ባለፈው አስነጠስኩ፣ ያዝኩት፣ ምንም አልመጣም! የዛኔ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ አሳቀችኝና እንደገና አመለጠኝ። ቀስ እያለ ነው የሚመጣው ብላኛለች። ቀስ የሚለው ግን ከባድ ነው።

አሁን ደግሞ... ይሄን ልጻፈው ወይስ ልተወው? ከባለቤቴ ጋር ያለው ነገር። እሱ ምንም አላለኝም፣ ታጋሽ ነው። የምፈራው እኔ ነኝ። የተሰፋው ቦታ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በሩን ዘጋሁና በእጅ መስታወት አየሁት። እስከዛ ድረስ ማየት ፈርቼ፣ ስንት ነገር በሐሳቤ ስዬ ነበር መሰለሽ። ያየሁት አንዲት ቀጭን፣ ነጣ ያለች መስመር ብቻ ናት። በጣቴ ነካሁት። ትንሽ ጠንከር ይላል፣ አያምም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

በኋላ አንዲት የማህፀን ሐኪም እንደነገረችኝ፣ እያጠባሁ እስካለሁ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ከታች ይደርቃል። ፍቅር ስላለቀ አይደለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም፣ ያለቀ መስሎኝ ነበርና። ፋርማሲ የሚሸጥ ማለስለሻ አለ፣ ካመመሽም ታቆሚያለሽ አለችኝ። የወር አበባ ሳይመለስም ማርገዝ እንደሚቻል አስጠንቅቃኛለች። አንቺ ስንት ጊዜ ቆየሽ? መጻፉን ካፈርሽ በስልክ ንገሪኝ። ካፈርሽ ግን በጣም ነው የምገረመው፣ አንቺ!

ታናሽ እህትሽ ልትወልድ ደርሳለች ሲሉ ሰማሁ። ዝም ማለት ያቃተኝ አንዱም ለሷ ብዬ ነው። እንደኔ ምንም ሳትሰማ እንዳትገባበት። ስለ ጆጉ ንገሪያት፣ ስለ በርጩማውም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራውን ከማያስፈራው እንድትለይ አድርጊያት። እኔ ለማያስፈራው ሳለቅስ የሚያስፈራውን አላውቀውም ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ በአንድ እግር ብቻ የሚመጣ እብጠትና ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ከባድ ራስ ምታት። አንዱን ካየች ነገ እሄዳለሁ አትበል፣ በዚያው ሰዓት ትሂድ። ራስ ምታቱ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ በእርግዝናዋ ግፊት ያልነበረባት ሴት እንኳን ከወለደች በኋላ ሊይዛት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባሱና ማልቀሱ ያለ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ዝም አትበል፣ ትታከም። ላንቺ ትንገርሽ ወይ ለኔ ትደውል። ቁጥሬን ስጫት።

አንቺም መልሺልኝ። ያን ቀን ቀሚስ ያስቀየረሽ እሱ ከነበረ፣ ስንት ጊዜ ቆየብሽ? በራሱ ተወሽ ወይስ ታከምሽ? በሁለተኛው ልጅ ተመለሰ? እስካሁን ካለብሽ ደግሞ፣ እባክሽ፣ ጊዜው አልፏል ብለሽ አትተዪው። ለፊዚዮቴራፒስቷ ስምሽን ሳልጠራ ጠይቄልሻለሁ። ከዓመታት በኋላም እንቅስቃሴው ይረዳል፣ እሱ ካልበቃ ሌላ ሕክምና አለ ብላኛለች። ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ልጅቷን አቅፌ ውጭ እጠብቅሻለሁ።

ሌሊት ሌሊት ነቅቼ ነው የምገኘው፣ በፈለግሽው ሰዓት ደውይ። እሑድ ድረስ ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ። እንዳታኮርፊ፣ አንሺው።

ያንቺዋ