መሬቱን አይሽጡ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ሰንዳፋ

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ለገጣፎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስንነጋገር ጆሮዎ እያስቸገረ ግማሹ ስለሚያመልጥዎት መጻፍ መረጥሁ።

በሬዲዮ የሰሙትን «ካንሰር የሚያድን ደቃቅ ብረት» ፍለጋ ውጭ አገር ለመሄድ፣ አስፋልት ዳር ያለውን መሬት ሊሸጡ ደላላ ማነጋገርዎን ወንድሜ ነገረኝ። ደላላውም ስለ ሕክምናው ከሬዲዮው የበለጠ አውቃለሁ ብሏል አሉ!

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ደቃቁ ብረት ናኖ ቅንጣት ይባላል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ሲሆን እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አያልፉም። የብረት ኦክሳይዱ (የብረትና የኦክስጅን ውሑዱ) ቅንጣት በደም ሥር ሲሰጥ፣ በጤነኛው ጉበት ውስጥ ያሉ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ይሰበስቡታል። ስለዚህ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ ምስል ላይ ጉበቱ ይጠቁራል፤ እነዚያ ሕዋሳት የሌሉበት ዕጢ ግን እንደነጣ ይቀራል። በሥራዬ ብዙ ምስል ባይም ይህኛው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ በሽታውን የሚያጋልጠው ብረቱ ያልደረሰበት ቦታ ነውና። ለጉበት ምርመራ በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ እንዲህ ያለ መድኃኒት ነበር፤ በኋላ ግን ከገበያ ወጣ።

ማከሙ ሌላ ነገር ነው። ቅንጣቱን ዕጢው ውስጥ ወግቶ በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ማሞቅ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ተፈቅዷል፤ እሱም ለአንጎል ዕጢ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ፣ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የዳሰሰ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ እንደሚለው፣ ከግማሽ በሚበልጡት ጥናቶች ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው የአያቴ መሬት የሚሸጠው? ደግሞስ ጉበትዎ ላይ የታየው እባጭ ካንሰር ነው ያለ ሐኪም የለም።

የታዘዘልዎትን ኤምአርአይ ይነሡ። ምስሉን ለማጉላት የሚወጉት መርፌ ጋዶሊኒየም የሚባል፣ በኩላሊት በኩል የሚወጣ ንጥረ ነገር ያለበት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራዎን ውጤት ይዘው ይምጡ። ከሁሉ በላይ ግን በውትድርና ዘመን ጭንዎ ውስጥ የቀረችውን ፍንጣሪ ለባለሙያው ሳይነግሩ ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ። ማግኔቱ ሊስባት ስለሚችል አስቀድሞ በራጅ መታየት አለባት። «አሮጌ ቁስል ነው» ብለው እንደሚያልፏት ስለማውቅ ለወንድሜም ነግሬዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ለገጣፎ መታጠፊያው ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ልጅዎ