የመውጣቱ ነገር ነው የጨነቀኝ

የኔ እህት እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ፣ ትልቋ አሁንም ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው? ጠፍቻለሁ አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንገናኝ በደንብ ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን አንድ የከነከነኝ ነገር አለና እሱን ስሚኝ፣ ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

መስሪያ ቤት ስራዬ ተቀይሯል። የኔትወርኪንግ ኢቨንት፣ ማለት ሰው በስራ ጉዳይ የሚተዋወቅበት ዝግጅት፣ ግብዣ በመጣ ቁጥር አሁን የምሄደው እኔ ነኝ። ባጅ አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ ብርጭቆ ይዞ፣ የማያውቁት ሰው መሀል መቆም። አንቺማ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ፣ ሁሉንም ቻው ብለሽ ጨርሰሽ በሩ ጋ ከደረስሽ በኋላ ከጥበቃው ጋር አዲስ ወሬ የምትጀምሪ፣ ስንት ጊዜ ቦርሳሽን ይዤ ደረጃው ላይ ጠብቄሻለሁ ሃሃ። ለዛም ነው ላንቺ የምጽፈው።

ቆመው የሚያወሩ ሰዎች መሀል መግባቱ ላይ ደህና ነኝ፣ ከመሀላቸው መውጣቱ ነው የጨነቀኝ። ሳየው ሳየው ነገሩ ያለው እግር ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የጫማቸው ጫፍ ከተያየ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፣ አልነካቸውም። አንዳቸው እግራቸውን ወደ ውጪ ዞር ካደረጉ ግን ቦታ አለ ማለት ነው። አዳም ኬንደን የሚባል ተመራማሪ ይሄን ነገር ለብዙ አመት አጥንቶታል፣ ሰዎች ክብ ሰርተው ሲያወሩ መሀላቸው ሁሉም እኩል የሚደርስበት ባዶ ቦታ ይተዋሉ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ የቆሙት ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ካላሉለት አጠገባቸው ቆመ እንጂ ገባ አይባልም። እና እኔ ከጀርባ አልመጣም፣ በሚያዩኝ በኩል መጥቼ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ እቆምና አንዱ ቀና ብሎ ሲያየኝ "ልቀላቀላችሁ?" እላለሁ፣ ከዛ መስማት ብቻ። ሰው ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ስምና የስራ ድርሻ ይዞ ጥልቅ ማለት አልወድም፣ ስም የትም አይሄድም። ክቡ ትልቅ ሲሆን ራሱ አልፈራም፣ ከአራት ሰው በላይ ሲሆኑ ወሬው ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ ዳር ላይ የቆመው ሰው ግማሹን አይሰማውም፣ እሱን ማዋራት ነው።

ባለፈው ደግሞ ያየሁትን ልንገርሽ፣ እስካሁን ደስ ይለኛል። አንድ ልጅ እግር ወጣት አምስት ሰዎች ያሉበት ክብ አጠገብ ቆሟል፣ ስልኩን ያወጣል መልሶ ይከታል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከመሀላቸው ጠና ያሉ ሴትዮ እያወሩ ነበር፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ቦታ ከፈቱለት። ሲጨርሱ ደግሞ ዞር ብለው "አዲስ ሰራተኛ ስናሰለጥን ስለሚያጋጥመን ነገር ነበር የምናወራው፣ አንተ ስትጀምር እንዴት ነበር?" አሉት። በቃ። ልጁ ትከሻው ሲወርድ አየሁት፣ ከዛማ ማን ያስቁመው። እኔ የምለው፣ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው እንዴት ልግባ ብሎ ነው፣ በሩን የሚከፍተው ግን ውስጥ ያለው ሰው ነው እኮ!

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

ከአራት ከአምስት ሰው መሀል መውጣት ቀላል ነው። ወሬው ጋብ እስኪል ወይ ተስቆ እስኪያበቃ ጠብቄ፣ አጠገቤ ላለው ሰው "በጣም ደስ ብሎኛል፣ አንድ ሰው ሳላገኝ እንዳይሄድብኝ" እላለሁ፣ ለሌሎቹ እጄን አንስቼ እሄዳለሁ። ሁሉንም ካልጨበጥኩ ብሎ ጨዋታውን ማስቆም ይበልጥ ይረብሻል። ስልክ ተደወለልኝ ብሎ መዋሸት ደግሞ አይሆንልኝም፣ እዛው አዳራሽ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ቆመሽ ሲያዩሽ ምን ይሰማቸዋል።

ሁለት ሆነን ስንቀር ነው የምጨነቀው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ይሄዱና አንቺና አንድ ሰው ትቀራላችሁ፣ ከሄድሽ ብቻውን ሊቆም ነው። በቀደም አብረውኝ የቀሩት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስራ ካቆሙ እንደቆዩ እየነገሩኝ ባዶ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ አንዱን ወሬ ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ፣ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ዝም ካሉ ልሄድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ነግረውኝ እንዴት ብዬ ወዲያው "በሉ እንግዲህ" እላለሁ? አልቻልኩም፣ አመሻሹን ሙሉ አብሬያቸው ቆምኩ። ደግሞ እንዲህም አስባለሁ፣ ምናልባት እሳቸውም መሄድ ፈልገው እኔን ላለማስቀየም ይሆን የቆዩት? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አንብቤ ነበር፣ ሁለቱም ሰዎች በፈለጉት ሰዓት ያበቃው ጨዋታ ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነው፣ አንዱ ሲበቃው ሌላው ገና ነው፣ ማንም ደግሞ የሌላውን አያውቅም።

ሌላም አለ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሁፍ ላይ በሰው በኩል ስራ ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ ይላል። የሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይ ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው። ታዲያ ስራ ከፈለጉ እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሰው ማግኘት ነው፣ እኔ አዝኜ አንድ ቦታ አቁሜ ሳቆያቸው ማታው አለቀባቸው ማለት ነው። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከዛ ወዲህ የማደርገው፣ ሳልሄድ በፊት ለሌላ ሰው ማስተዋወቅ ነው። "ይምጡ አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ" ብዬ አብረን ሄደን፣ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የሚያገናኛቸውን ነገርም እናገርና ወሬው ሲይዝላቸው እኔ ቀስ ብዬ እሰናበታለሁ። ሰው ሳውቅ ይሰራል። የማላውቅበት ቦታ ሲሆንስ? "ዛሬ ማንን ሊያገኙ ነበር የመጡት?" ብዬ ጠይቄ አብረን መፈለግ አስቤያለሁ፣ ግን እንጃ፣ ማባረር ይመስልብኝ ይሆን?

አንቺ እንዲህ ሲያጋጥምሽ ምን ነበር የምትዪው? ማንም ቅር ብሎት ካንቺ ሲለይ አይቼ አላውቅም፣ ሁሌ ቦርሳሽን ይዤ ራቅ ብዬ ስለምቆም ግን የምትያቸውን ነገር አንድም ቀን አልሰማሁትም። ቃል በቃል ንገሪኝ። መጻፍ እንደማትወጂ አውቃለሁ፣ በድምፅ ላኪልኝ፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም። ቀጣዩ ኢቨንት ሐሙስ ነው፣ እሳቸውም ይመጣሉ ብለውኛል።