ስለዚያ ዳገት ቦታ

ይድረስ ለማትረሺው ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ለራሴም አሳፍሮኛል። ምክንያት አልደረድርልሽም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ከዚያ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሽ ጠፋሁ። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። ተቀይመሽም ቢሆን ግን አንብቢው፤ ጉዳይ አለኝ።

ታናሽ እህትሽ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ለአዲሱ ላይብረሪ ቦታ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ገብተሻል አሉ። አንደኛው ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ፣ ሁለተኛው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ዳገት። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ካሳ የሚከፈለው ሰው የለበትም፣ መኪና እንደ ልብ ይቆምበታል። ዳገቱ ጠባብ ነው፣ የረዳቶች ጩኸት አለ፣ መሐንዲሱም ፊቱን አጨፍግጎበታል። ሁሉም ወደ ሜዳው ሲያዘነብል አንቺ ብቻ ድርቅ ብለሻል አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያኔም እንዲሁ ነበርሽ።

እኔም ከዳገቱ ጋር ነኝ።

ሲያትል በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ሁለት ሥራ ነበረኝ። ጠዋት አንዲት ሴትዮ እንከባከባለሁ፣ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። በመሀል ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፈኛል። ለቤት አይበቃ፣ ለጎዳና ይበዛ። አውቶቡስ የምቀይረው መሀል ከተማ፣ 4ኛው ጎዳና ላይ ነበር። የዚህን አገር ዝናብ አታውቂውም፤ አይጥልም፣ አያባራም። አንድ ቀን ጫማዬ ውሃ አስገብቶ ፌርማታው ላይ ስንቀጠቀጥ ቀና ብል፣ መስታወትና ብረት ብቻ የሆነ ጠማማ ሕንፃ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ተከትዬ ገባሁ። መታወቂያ የጠየቀኝ፣ «ምን ፈለግሽ?» ያለኝ የለም። ካልሲዬ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ካርድ አወጣሁ። የነርስ ረዳትነት ፈተናዬን ያጠናሁት እዚያ ነው።

ይቺን ለኮሚቴሽ ንገሪልኝ፦ ላይብረሪ ፍለጋ አልወጣሁም። አውቶቡሱ ደጃፉ ላይ አውርዶኝ ነው። ከከተማ ውጪ ቢሆን ኖሮ በሩን ዛሬም አላውቀውም።

በኋላ ታሪኩን አነበብኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1901 መባቻ ላይብረሪያቸው የነበረበት ትልቅ መኖሪያ ቤት ተቃጠለ። አንድሩ ካርኔጊ የሚባለው ባለጸጋ 200 ሺህ ዶላር ሰጣቸውና በ1906 በ4ኛውና በ5ኛው ጎዳና መሀል አዲስ ሠሩ። ያ ሲያረጅ አፍርሰው እዚያው በ1960 ሁለተኛ ተኩ። ሁለተኛው ሲጠባቸውም ከቦታው ንቅንቅ አላሉም፤ አሁን ያለው በ2004 የተከፈተው እዚያው ብሎክ ላይ ነው። ገንዘቡን የፈቀደው ሕዝቡ ነው። በ1998 ድምፅ ሰጥቶ ለዋናውና በየሰፈሩ ላሉት ቅርንጫፎች 196.4 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። መሀል ከተማ መሬት ርካሽ ሆኖላቸው እንዳይመስልሽ።

ደግሞ ቦታው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ዳገት! ከ4ኛው ጎዳና ስትገቢ አንደኛው ወለል ላይ ነሽ፤ ዞረሽ ከ5ኛው ስትገቢ ሦስተኛው ላይ። ሕንፃው በዳገቱ ሰበብ ሁለት ደጃፍ አገኘ። መጻሕፍቱ ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ወለል በአንድ ጠመዝማዛ መወጣጫ ተደርድረዋል። ደረጃ ሳትረግጪ ሽቅብ እየሄድሽ፣ የመደርደሪያውን ቁጥር እግርሽ ሥር ከወለሉ ላይ ታነቢያለሽ። አሥረኛው ላይ የንባብ አዳራሽ አለ፤ በሕንፃዎቹ መሀል ባሕሩ ይታይሻል።

መሐንዲሳችሁ አሁንም ካኮረፈ ካልጋሪን ንገሪው። ካናዳ ውስጥ ነው። ለላይብረሪ የተመረጠውን ቦታ የከተማ ባቡር ሐዲድ ይሰነጥቀዋል። ሐዲዱን ሸፍነው ሕንፃውን ከላዩ ሠሩትና በ2018 ከፈቱት። ባቡሩ ዛሬም ከሥር ያልፋል።

ጉድለት የለውም አልልሽም። እኔ ራሴ ስንቴ መውጫው ጠፍቶብኛል። ጠዋት ሳይከፈት፣ ሌሊቱን ውጪ ያደሩ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ፤ በዚህ የሚያጉረመርም አለ። እኔ አይከፋኝም። እኔስ ለመሞቅ አይደል የገባሁት?

ለእኛስ ቢሆን ብሔራዊ ላይብረሪው፣ ወመዘክር፣ ሩቅ ቢሆን ኖሮ 12ኛ ክፍልን እንዴት እናልፋት ነበር? ትዝ ይልሻል፣ ደብተር ጥለን ቦታ ይዘን ሳምቡሳ ልንበላ ስንወጣ? ተመልሰን ደብተራችን መሬት ወርዶ፣ አንዱ ጎረምሳ ወንበርሽ ላይ ተኝቶ ስታገኚው የጮኽሽው ጩኸት! አሁን የእህቴ ልጅ አብርሆት ላይብረሪ ነው የሚያጠናው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ታኅሣሥ ላይ ከፓርላማው ፊት ለፊት የተከፈተው። ሕንፃው ምን ይመስላል ብለው «አሪፍ ነው» አለኝና ዝም። ስለ መንገዱ ግን ሲያወራ አያባራም። ለካ አራት ኪሎ በአንድ ታክሲ ይደርሳል፣ ሳንቲም ባጣ ቀንም በእግሩ ይመለሳል።

እና አንድ ነገር አድርጊ። ኮሚቴውን ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት መናኸሪያው ጋ ይዘሽው ቁሚ። ዩኒፎርም የለበሰውን ይቁጠሩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሜዳው ላይ አቁሚያቸው። አንቺ ምንም አትናገሪ። አውቃለሁ፣ ይከብድሻል።

የዳገቱን ፎቶ ላኪልኝ፣ መናኸሪያውም እንዲታይ አድርገሽ አንሺው። እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ስልክሽ ካልተቀየረ እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ። ካላነሳሽ እንደተቀየምሽኝ ገብቶኝ ሰኞ ደግሜ እደውላለሁ።

ያቺው ጠፊ ጓደኛሽ